ጉድጓዱ ከተጠረገ በኋላ፦ በአንድ ቆዳ ፋብሪካ የብክለት ጽዳት ስቆጣጠር የተማርኩት

ሞጆ ከአዲስ አበባ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ፣ በቆዳ ፋብሪካዎቿ የምትታወቅ ከተማ ናት። ስሟን የሚጋራው ወንዝ በአጠገቧ አልፎ ወደ ቆቃ ሐይቅ ያመራል፤ በመንገዱም ላይ አርሶ አደሮች በፓምፕ እየሳቡ አትክልት ያለሙበታል። በከተማዋ ዳርቻ ያለ አንድ ፋብሪካ ባለቤት ሲቀይር፣ አዲሱ ባለንብረት በጓሮው ለዓመታት የተጠራቀመውን ዝቃጭ ለማስወገድ ግዴታ ገባ፤ እኔም ተቋራጩ ሥራውን በውሉ መሠረት መፈጸሙን እንዲከታተል በተቀጠረው አማካሪ ድርጅት በኩል የሳይት ተቆጣጣሪ ሆኜ ተመደብኩ። የተማርኩት ኬሚስትሪ ነው፤ አፈር ማስቆፈር ግን ከዚያ በፊት ገጥሞኝ አያውቅም ነበር።

ቆዳ በዘመናዊ መንገድ የሚለፋው በአብዛኛው በክሮም ጨው ነው። በተለመደው አሠራር ቆዳው ከጨው ውስጥ የሚወስደው ከ60 እስከ 80 በመቶ ያህሉን ሲሆን ቀሪው ከፍሳሹ ጋር ይወጣል፤ ፍሳሹ በኖራ ሲታከምም ክሮሙ ወደ ታች ዘቅጦ አረንጓዴ ያዘለ ግራጫ ጭቃ ይሆናል። በዚህ ጭቃ ውስጥ ያለው ባለ ሦስት ቫለንስ የሚባለው ክሮም በውሃ በቀላሉ አይሟሟም። ባለ ስድስቱ ግን ይሟሟል፣ ከውሃ ጋር ይጓዛል፣ ካንሰርም ያስከትላል። ይህን ልዩነት ከትምህርት ቤት ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ የት መፈለግ እንዳለብኝ ግን የነገረኝ የግቢው ጥበቃ ነው፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት ካደረግኳቸው ነገሮች ሁሉ ዛሬም ደግሜ የማደርገው አንዱ ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ ሰው የበከለውን እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ያስገድዳል፤ ለመንግሥት ተቆጣጣሪዎችም ያለ ቅድሚያ ማስታወቂያ ግቢ የመግባት ሥልጣን ይሰጣል። እኔ ግን የመንግሥት ተቆጣጣሪ አልነበርኩም፤ ደመወዜ ዞሮ ዞሮ የሚወጣው ሥራው ቶሎ እንዲያልቅ ከሚፈልገው ባለንብረት ኪስ ነበር። ስለዚህ የላቦራቶሪ ውጤት ለባለንብረቱና ለአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤቱ በአንድ ቀን፣ በአንድ ደብዳቤ እንዲላክ ውሉ ላይ እንዲጻፍ ጠየቅሁ። ባለንብረቱ ሥራው ገና ስላልተጀመረና የሚደበቅ ውጤት ስላልነበረ ያለ ብዙ ክርክር ፈረመ። ቁፋሮው ከተጀመረ በኋላ ብጠይቅ ኖሮ የሚፈርም አይመስለኝም።

ዝቃጩ የሚጓጓዘው ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ወደተዘጋጀ፣ ወፍራም የፕላስቲክ ንጣፍ ወደተነጠፈበት ማከማቻ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ዓይኔን ከእስካቫተሩ ባልዲ ላይ ሳልነቅል በመዋሌ ጥሩ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የበሩን መዝገብ ከማከማቻው መዝገብ ጋር ሳስተያይ ከግቢው የወጣው 43 ጉዞ፣ የደረሰው ግን 41 ሆኖ አገኘሁት። ተቋራጩ የጸሐፊ ስህተት ነው ቢለኝም ሲኖትራኮቹን የሚነዱትን ልጆች አንድ በአንድ ስጠይቅ፣ አንደኛው መንገድ ላይ አንድ ገበሬ አስቁሞት “ይህን ፍግ እዚህ ድፋልኝ” ብሎ እንደለመነው በየዋህነት ነገረኝ። ዝቃጩ ሲደርቅ ጠቆር ያለና ልስልስ ስለሚሆን ገበሬውም ሾፌሩም ማዳበሪያ መስሏቸው ነበር። ከማሳው ዳር ከሥሩ ካለው አንድ ክንድ አፈር ጋር አንሥተን ወሰድነው። ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱ ጉዞ ሦስት ቅጠል ያለው ደረሰኝ፣ በሁለቱም ጫፍ የሚዛን ቁጥርና ሰዓት እንዲኖረው አደረግሁ፤ ክፍያም የሚፈጸመው በደረሰበት እንጂ በተጫነበት ቁጥር እንዳይሆን ተስማማን። ከጭነቱ ይልቅ መዝገቡ ላይ ማተኮር እንደነበረብኝ የገባኝ ያን ቅዳሜ ነው።

የጉድጓዱ ወለል ጉዳይ ከዚህ የከበደ ነበር። አፈሩ መረሬ ነው፤ በበጋ ሲደርቅ እጅ እስከሚያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ደግሞ ውሃ ጠጥቶ ይዘጋል። ተቋራጩ ዝቃጩን ጠርጎ ጥቁሩ አፈር ሲገለጥ ሥራው አልቋል ብሎ ከወለሉ አምስት ቦታ አፈር ዘግኖ፣ በአንድ ባልዲ ቀላቅሎ፣ አንድ ናሙና ላከ። ውጤቱም ያማረ ነበር። እኔ ግን ወለሉ ላይ ተንበርክኬ በአካፋ ጫፍ ስፍቅ፣ በጥቁሩ አፈር ውስጥ እንደ ጥለት ክር የቀጠነ አረንጓዴ መስመር ወደ ታች ሲወርድ አየሁ፤ ተከትዬ ስቆፍረው ከግማሽ ሜትር በላይ ዘለቀ። በአንድ በጋ ስንጥቁ ተከፍቶ ሳለ የገባ ፈሳሽ ክረምቱ ሲዘጋው እዚያው ቀርቷል። አምስት ቦታ ተዘግኖ የተቀላቀለ ናሙና እንዲህ ያለውን ክር በአራቱ ንጹሕ አፈር ያሟሟዋል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ናሙና ለየብቻው እንዲታሸግ፣ ከወለሉ ብቻ ሳይሆን ከግድግዳውም እንዲወሰድ፣ ስንጥቅ በታየበት ሁሉ ናሙናው ከስንጥቁ ላይ እንዲሆን ጠየቅሁ። ተቋራጩ ወጪው እንደሚጨምርበት አማረረ፤ እውነቱን ነው፣ ጨመረበት። ከፋብሪካው በላይ፣ ብክለት ካልደረሰበት መሬት የተወሰደ ማነጻጸሪያ ናሙና በእጄ ባይኖር ኖሮ ግን “የዚህ አገር አፈር ተፈጥሮው ነው” የሚለውን ክርክሩን ማሸነፍ አልችልም ነበር።

አንድ ቀን ሰው ልናጣ ነበር። ፀጉር የሚለቀቅበት ክፍል ፍሳሽ የተጠራቀመበት አሮጌ ገንዳ ውስጥ የቆመው ውሃ ኖራና ሶዲየም ሰልፋይድ ያለበት ነው። የፒኤች ልኩ (የአሲድነት መለኪያው፤ ከፍ ሲል አሲድ ያነሰው ማለት ነው) ከፍ ብሎ ስለተገኘ ፎርማኑ በራሱ ውሳኔ አሲድ እንዲጨመርበት አዘዘ። ሰልፋይድ ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተባለውን ጋዝ ይለቃል፤ ይህ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ዝቅ ያለ ቦታ ይተኛል፣ መጠኑ ሲጨምርም ማሽተቻን ያደነዝዛል። ስደርስ የተበላሸ እንቁላል የሚመስለው ሽታ ሩቅ ድረስ ይሰማ ነበር፤ ገንዳው አፍ ላይ የቆመው ልጅ ግን “ኢንጂነር፣ አይዞህ፣ ሽታው እኮ አሁን ጠፍቷል” አለኝ። ያስደነገጠኝ ሽታው ሳይሆን ይህ አነጋገሩ ነው። ሁሉንም ከነፋሱ በላይ ወዳለው ሜዳ አስወጥቼ ሥራውን ለሁለት ቀን ዘጋሁ፤ ከዚያ በኋላ የጋዝ መለኪያ ያልያዘ ሰው ወደ ገንዳዎቹ እንዳይጠጋ፣ ማናቸውም ኬሚካል ያለ ጽሑፍ ፈቃድ እንዳይፈስ ተደረገ። ይህ መመሪያ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መኖር ነበረበት፤ ያለመኖሩ ጥፋት የእኔ ነው።

ወደ ጥበቃው ልመለስ። ዕድሜያቸው የገፋ ሰው ናቸው፤ እንደ ሌላው ሁሉ አባባ እላቸዋለሁ። በግንቦት መጨረሻ ጥሩ ዝናብ የጣለ ዕለት ማለዳ በሩ ላይ ጠብቀው “ልጄ፣ እናንተ የምትቆፍሩት እዚያ ነው፤ ቢጫ ውሃ የሚቋጥረው ግን እዚህ ነው” ብለው ከቦይለር ቤቱ ጀርባ ወሰዱኝ። በጥናቱ ካርታ ላይ ያ ቦታ ባዶ ነበር። መሬት ላይ ሳህን የማታህል ኩሬ እንደ ደመቀ ጠላ ቢጫ ሆና ተቋጥራለች፤ ከሥሯ አመድ አለ። ለካ ፋብሪካው በቀድሞው ጊዜ በክሮም ከለፋ ቆዳ ሲላግ የሚወጣውን ፍቅፋቂ እዚያ ያቃጥል ነበር። ባለ ሦስቱ ክሮም በአየር ውስጥ በእሳት ሲቃጠል፣ በተለይ ኖራ ካለበት፣ ከፊሉ ወደ ባለ ስድስት ይለወጣል። የመስክ መመርመሪያውን ዱቄት ብልቃጡ ውስጥ ስጨምር ውሃው ወዲያው ሐምራዊ ሆነ፤ ባለ ስድስቱ አለ ማለት ነው። ወራት የፈጀንበት የዝቃጩ ጉድጓድ በአንጻሩ አደጋው አነስተኛ የነበረ፣ አደገኛው ግን ማንም ያልጠረጠረው ያ አመድ ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የጠቅላላ ክሮም ልክ በሊትር 0.05 ሚሊ ግራም ነው፤ ከቦታው በታች ደግሞ የመንደር ጉድጓድ ነበር። አመዱን በሸራ ሸፍነን፣ ባለ ስድስቱን መልሶ ባለ ሦስት በሚያደርገው ፌረስ ሰልፌት አክመን አነሣነው። የቀን ሠራተኞቹ ስሙን ሲሰሙ “የፈረስ መድኃኒት” እያሉ ይሳሳቁበት ነበር፤ እኔም በመጨረሻ እንደዚያው እያልኩ ማዘዝ ጀመርኩ። ዛሬ አዲስ ሳይት ስገባ ካርታውን ከመክፈቴ በፊት ከጥበቃውና ከጽዳት ሠራተኞቹ ጋር ግቢውን እዞራለሁ፤ ሲዘንብ ውሃው የት እንደሚቆም፣ ቀለሙ ምን እንደሚመስል፣ ምን የት ይቃጠል እንደነበር እጠይቃለሁ።

ከሥራው ርክክብ በኋላ ከፋብሪካው በላይና በታች የተቆፈሩት የመከታተያ ጉድጓዶች በየሦስት ወሩ እንዲለኩ ተስማምተን ነበር። ለመጀመሪያው ልኬት ስመለስ የታችኛውን ጉድጓድ አጣሁት። ያየሁት ሁሉ በጨው የታጀለ ጥሬ ቆዳ ክምር ብቻ ነበር፤ አዲሱ የመጋዘን ኃላፊ እዚያ ጉድጓድ መኖሩን ማንም አልነገረውም። ክምሩን ሲያነሡ ግማሽ ቀን ፈጀ፤ ክዳኑም ተጨፍልቆ የጨው ውሃ ወደ ውስጥ ሰርጎ ስለነበር የዚያ ጊዜው ናሙና አልጠቀመንም። ጉድጓዱን አሳጥበን፣ በላዩ በስሚንቶ የተተከለ ቢጫ የብረት ሽፋን አደረግንበት፤ ርቀቱንም ከሁለት የግንብ ማዕዘኖች በሜትር ለክቼ ከቁልፉ ቅጂ ጋር ለጽሕፈት ቤቱ አስረከብኩ፤ ሁለተኛውን ቁልፍ አባባ ያዙት።