በደቡብ ግድግዳ ላይ የቆመ የፀሐይ ሙቀት ሰብሳቢ፦ ከኮሎራዶ የብርድ ወራት የተገኘ ልምድ

በኮሎራዶ፣ ኦሮራ ከተማ በሚገኘው ቤታችን ደቡባዊ ግድግዳ ላይ የሠራሁት የፀሐይ ሙቀት ሰብሳቢ ያስተማረኝን፣ ተመሳሳይ ነገር ለመሥራት ለምታስቡ ላካፍል። መሣሪያው ኤሌክትሪክ አያመነጭም። ወደ ሦስት ካሬ ሜትር የሚሰፋ የእንጨት ሣጥን ሲሆን፣ ጀርባው በፎም የተሸፈነ፣ ፊቱ ብርሃን በሚያሳልፍ ጠንካራ ፕላስቲክ (ፖሊካርቦኔት) የተዘጋ፣ ውስጡም ሁለት ድርብ ጥቁር የመስኮት ወንፊት የተወጠረበት ነው። የሳሎኑ አየር ከወለሉ አጠገብ ባለው ቀዳዳ ገብቶ በወንፊቱ መካከል እያለፈ ይሞቅና በላይኛው ቀዳዳ በፋን ተስቦ ይመለሳል። በውኃ የሚሠራውን ዓይነት የተውኩት፣ ቧንቧው በውርጭ እንዳይፈነዳ ፀረ በረዶ ፈሳሽና ሙቀት መለዋወጫ ስለሚጠይቅ ነው።

ሣጥኑን ሳላጋድል ያቆምኩት በምክንያት ነው። በታኅሣሥ ወር ቀኑ በሚያጥርበት ጊዜ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ እንኳ እዚህ ከአድማስ 27 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ስለምትል፣ ቀጥ ያለ ግድግዳ ጨረሯን በደንብ ይቀበላል፤ መሬት ላይ ያረፈው በረዶም ያንጸባርቅለታል።

ከሁሉም በላይ ያስጨነቀኝ ግን የአየሩ ፍጥነት ነው። ሊያዩት የሚመጡ ሰዎች እጃቸውን ወደ ላይኛው ቀዳዳ ዘርግተው «ያቃጥላል!» እያሉ ያደንቃሉ፤ እኔ ደግሞ ሲያቃጥል አልወድም። ሣጥኑ በጋለ መጠን ሙቀቱ በፖሊካርቦኔቱ በኩል ወደ ውጭ ይሸሻል፤ አየሩ ፈጥኖ ሲያልፍ ግን ለብ ብሎ ቢወጣም ቤት የሚገባው ጠቅላላ ሙቀት ይበልጣል። በጠራ ቀን በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 800 ዋት ያህል ቢያርፍና ግማሹን ብናተርፍ 1,200 ዋት እናገኛለን፤ ይህም ሶኬት ላይ ከሚሰካ ተራ ሂተር ብዙም አያንስም። ይህን ሙቀት፣ ከሳሎኑ አየር በ25 ዲግሪ ብቻ ሞቆ በሚወጣ አየር ለማድረስ በሰዓት ወደ 170 ሜትር ኩብ ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል። ኦሮራ ከባሕር ጠለል በላይ 1,650 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ስስ ነው፤ ስለዚህ ቆላ ላይ ከሚበቃው ጠንከር ያለ ፋን ይፈለጋል። አዲስ አበባ ላይ ለሚሞክር ደግሞ ከዚህም ይብሳል።

ፋኑን የሚያዘው ቴርሞስታት (ሙቀቱን እየለካ የሚያበራና የሚያጠፋ መሣሪያ) የሣጥኑ ራስ 43 ዲግሪ ሲደርስ ያስነሳዋል፣ ወደ 32 ሲወርድ ያጠፋዋል። ሌሊት ግን በሣጥኑ ውስጥ የቀዘቀዘው አየር ስለሚከብድ በታችኛው ቀዳዳ ወደ ሳሎን ይፈስሳል፣ ሙቁም በላይኛው በኩል ይወጣል። መላው ቀላል ነው፦ ከታችኛው ፍርግርግ ጀርባ፣ በሣጥኑ በኩል፣ እንደ ፌስታል የሳሳ ፕላስቲክ የላይኛው ጠርዙን ብቻ አጣብቆ ማንጠልጠል። ፋኑ ሲስብ ይከፈታል፤ አየሩ ወደ ሳሎን ሊመለስ ሲል ራሱ ፕላስቲኩን ከፍርግርጉ ጋር ይለጥፈዋል።

የቀረው ማከማቸት ነው። በካናዳ ኦኮቶክስ ከተማ 52 ቤቶች ያሉት አንድ መንደር የበጋውን ሙቀት በ144 ጉድጓዶች አማካይነት መሬት ውስጥ እያስቀመጠ ለብርድ ወራት ለዓመታት ይጠቀምበት ነበር፤ ለአንድ ቤት ግን ይህ አይታሰብም። በእኛ ቤት ፈርነሱ (የቤቱ ዋና ማሞቂያ) በጠራ ቀን ከረፋዱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ እምብዛም ሳይነሳ ይውላል፤ ከዚያ በኋላና በደመናማ ቀን ሥራው የእርሱ ነው።