ትኩሳቷን ላውርደው ወይስ ልተወው?

ፍኖተ ሰላም ላይ ልጅ ሲያተኩሰው መጀመሪያ የሚጠረጠረው ወባ ነው። ልክም ነው። ከተማችን ከ2,000 ሜትር ከፍታ በታች ናት፤ ክረምቱ ወጥቶ ውኃ በየቦታው ሲቋጥር፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ወባ ይበረታል። ፓራሲታሞል የወባን ትኩሳትም ያወርዳል፣ ወባዋን ግን አይነካትም። ልጁ ቀለል ሲለው ዳነ ብሎ መቀመጥ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ባለፈው ጥቅምት ትንሿ ልጄ ማታ ላይ እንደ ምጣድ ጋለች። ብብቷ ሥር ያስገባሁት ቴርሞሜትር 38.4 አለ። አማቴ ወዲያው ምች ነው ብለው ጋቢ ደረቡባት፤ ዳማከሴ ጨምቀው በቡና ሊያጠጧትም ተነሡ።

"እማማ፣ ግንባሯን ይቀቧት፤ ማጠጣቱን ግን ይተዉት" አልኳቸው። ትንሽ አኮረፉ። ጋቢውን ሳነሣማ ጭራሽ ዘጉኝ።

የፓራሲታሞል ሽሮፕ ወዲያው አልሰጠኋትም። ውኃ ትጠጣለች፣ ስጠራት ታወራኛለች፣ ኋላም ተኛች። ሰውነት የሚያተኩሰው በሽታውን ሲዋጋ ነው፤ ስለ ቁጥሩ ብዬ የተኛ ልጅ አልቀሰቅስም። በቀዝቃዛ ውኃም አላጠብኳት። ልጁን ያንቀጠቅጠዋል፣ መንቀጥቀጡ ደግሞ መልሶ ያሞቀዋል።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ግን "ራሴን!" እያለች ተነሣች፤ ውኃም እምቢ አለች። ያኔ ሰጠኋት። መጠኑ በአንድ ኪሎ ክብደት ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም ነው። እሷ 14 ኪሎ ናት፤ የእኛ ጠርሙስ ደግሞ በ5 ሚሊሊትር 120 ሚሊግራም ይላል። ስለዚህ መርፌ በሌለው ስሪንጅ 7 ሚሊሊትር ለካሁ። የወጥ ቤት ማንኪያ አይታመንም፣ አንዱ ከሌላው አይገጥምም። ቢያስፈልግ የሚደገመው ከ4 እስከ 6 ሰዓት ቆይቶ ነው፤ በ24 ሰዓት ከአራት ጊዜ አያልፍም። አስፕሪን ለልጅ አይሰጥም። ቆይታ ውኃ ጠየቀችኝ፤ መድኃኒቱን የፈለግሁት ለዚህ ነበር።

ሲነጋ ጤና ጣቢያ ሄድን። ጣቷን ወጉ፣ የደም ጠብታዋን መመርመሪያው ላይ አሳረፉ፣ ጠበቅን። አንድ ቀይ መስመር ብቻ ወጣ፤ ሁለት ቢሆን ወባ ነበር። ጉሮሮዋን አይተው "ጉንፋን ነው፤ ፈሳሽ ስጫት፣ ካመማት ሽሮፑን" አሉኝ። አንቲባዮቲክ አላዘዙም፣ እኔም አልለመንኩም። ጎረቤቴ "ባዶ እጅሽን መለሱሽ?" ብላ አዘነችልኝ። ለጉንፋን አሞክሳሲሊን ምን ሊረባ!

ብዙ እናቶች የሚፈሩት ትኩሳት ሲበረታ ልጁን ራሱን አስቶ የሚያንቀጠቅጠውን ነው። እኔም እፈራለሁ። ግን ትኩሳት ማውረጃ እሱን እንደማይከላከል ስሰማ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሰዓት እየቆጠርኩ ሽሮፕ መስጠቱን ተውኩት።

ጠብቄ የማላየው ነገርም አለ። ከሦስት ወር በታች ያለ ሕፃን 38 ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም ነው። ትልቁም ልጅ ቢሆን መጠጣት ካቃተው፣ ያገባውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ራሱን አስቶ ካንቀጠቀጠው ወይም ስትጠሩት ከፈዘዘ እንደዚያው። ተመርምሮ ወባ የለበትም ቢባልም ትኩሳቱ ከሁለት ቀን በላይ ከቆየ ተመልሳችሁ ሂዱ፤ ደሙ እንደገና ይታይ።