የሞሊኖን ፊት ፍለጋ በለንደን

ለንደን ስሄድ መጀመሪያ የምሮጠው ሴሲል ኮርት ነው። ከቻሪንግ ክሮስ መንገድ ወጣ ብላ ያለች አጭር መንገድ ናት፣ ግራና ቀኟ የድሮ መጽሐፍ፣ ካርታና የህትመት ስዕል ሱቅ። እኔ የምሰበስበው ያለ ጓንት በባዶ እጅ የሚቧቀሱ ሰዎችን የድሮ ህትመት ነው። ሚስቴ «ሰው ሲደባደብ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል?» ትለኛለች። ልክ ሳትሆን አልቀረችም።

በዚህኛው ጉዞ የፈለግኩት ቶም ሞሊኖን ነበር። አሜሪካ በባርነት እንደኖረ የሚነገርለት ጥቁር ቡጢኛ ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1810 ከእንግሊዙ ሻምፒዮን ቶም ክሪብ ጋር ገጠመ። በጨዋታው መሀል ተመልካቹ ገመዱን ጥሶ ገባ፣ ግርግር ሆነ፣ በመጨረሻም ሞሊኖ ተሸነፈ፤ እስከዛሬ ያከራክራል። በዓመቱ ሴፕቴምበር ላይ ግን ቲስልተን ጋፕ በሚባል ቦታ ክሪብ መንጋጋውን ሰብሮ በ11 ዙር ጨረሰው። (ያኔ ዙር በሰዓት አይለካም። አንዱ ሲወድቅ ያበቃል።)

ፎቶ በሌለበት ዘመን ሰው እነዚህን ያየው በህትመት ነው። በመዳብ ሰሌዳ ይቀረጻል፣ ወረቀት ላይ ይታተማል፣ አንዳንዱ በእጅ ቀለም ይቀባል። ሁለተኛውን ግጥሚያ ቶማስ ሮውላንድሰን ሠርቶታል። ችግሩ፣ ብዙ ሠዓሊ ሞሊኖን ሲሥል መሳለቂያ ያደርገዋል፣ ከንፈሩን ያገዝፈዋል፣ ዓይኑን ያፈጠዋል። እኔ ሰው መስሎ የተሣለበትን ነው የምፈልገው።

ሻጩ መሳቢያውን ከፈተልኝ። የመጀመሪያው ያው መሳለቂያ። ሁለተኛው አስደነገጠኝ፤ ፊቱ ረጋ ያለ፣ ትከሻው ሰፊ። አጉሊ መነጽሬን አወጣሁና ጠጋ ብዬ ሳይ ጥቃቅን ነጠብጣብ ብቻ! በእጅ የተቀረጸ መዳብ መስመር ወይም የተበታተነ ነጠብጣብ ነው የሚያወጣው፤ እንዲህ በረድፍ የተደረደረ ነጠብጣብ የኋላ ዘመን ማሽን ሥራ ነው። ወረቀቱም ላይ ሰሌዳው ተጭኖ ያለፈበት ጎድጓዳ ጠርዝ የለም። ከዚህ በፊት እንዲህ ያለውን አሥር ደቂቃ እንኳ ሳላየው ገዝቼ ተሸውጃለሁ፣ ዛሬ አልተሸወድኩም። ሦስተኛው እውነተኛ ነበር። ዋጋውን ሲነግረኝ ቀስ ብዬ መልሼ አስቀመጥኩት።

ባዶ እጄን ላለመውጣት ከድሮ ጋዜጣ የተቆረጠች ርካሽ ነገር ገዛሁ፤ በ1860 ፋርንቦሮ ላይ ሴየርስና ሂናን የሚባሉ ቡጢኞች ከሁለት ሰዓት በላይ ተቧቅሰው አቻ የወጡበት።

ከዚያ በእግሬ ፓንተን ስትሪት ሄድኩ። ክሪብ ራሱ ይዞት የነበረው መጠጥ ቤት አሁንም አለ፣ ስሙም ቶም ክሪብ ነው። ሞሊኖን ያሠለጠነው ጥቁሩ ቡጢኛ ቢል ሪችመንድ በ1829 የመጨረሻ ምሽቱን ያሳለፈው እዚሁ፣ ከክሪብ ጋር ነው። ተጋጣሚ የነበሩ ሰዎች አብረው ሲጠጡ! የሪችመንድ መታሰቢያም አለ። የሞሊኖን ፈልጌ አጣሁ። አንድ ቢራ አዘዝኩና ህትመቴ እንዳይረጥብብኝ ጃኬቴ ውስጥ ከተትኩት።