ለጀበናው የሚሆን እሳት

የምሠራው ጥሬ ቡና ወደ ውጭ በሚልክ አነስተኛ ድርጅት ውስጥ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ዱባይ ወርልድ ትሬድ ሴንተር በተዘጋጀ አንድ ትልቅ የምግብና የመጠጥ ኤግዚቢሽን ላይ እንድንገኝ ተወሰነ። ዝግጅቱ ለእኔ ተሰጠ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

የተከራየነው ቡዝ 3 በ3 ነው፤ 9 ካሬ። በኪራዩ ውስጥ ያለው ሦስት ነጭ ግድግዳ፣ የድርጅቱ ስም የሚለጠፍበት ግንባር፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ መብራትና አንድ ሶኬት ብቻ ነበር። የቀረው ሁሉ በፎርም ይታዘዛል። ፎርሞቹ ያሉት ረጅሙ መመሪያ መጨረሻ ላይ ነው።

እኔ ጊዜዬን የጨረስኩት ባነር ላይ ነው። ቀዩ የቡና ፍሬ ደመቀ፣ ደበዘዘ እያልን አራት ጊዜ አሳተምን። ናሙናው ላይም ለፍተናል። የታጠበ ይርጋጨፌ፣ ያልታጠበ ጉጂ፣ ሲዳማ። በየከረጢቱ ላይ የመጣበትን ወረዳ፣ ከፍታውንና የእርጥበት መጠኑን ጽፈናል። ቡና ገዢ ፎቶ አይገዛም፤ መጀመሪያ የሚያየው እነዚህን ነው። የኤሌክትሪክ ፎርሙን ግን ሒሳብ ክፍል ሞላው። ርካሹን መረጠ። አልወቅሰውም፤ እዚያ ቡና እንደምናፈላ የነገረው ሰው የለም። መንገር የነበረብኝ እኔ ነኝ።

ቢሮ ቡና የሚያፈሉልን እትዬ አብረውን ሄዱ። ሁለቱን ጀበና በነጠላ ጠቅልለው በእጃቸው ይዘው ነው የተሳፈሩት። "ጀበና ለሻንጣ አይሰጥም" አሉ። ከሰልና ማንደጃ ዴይራ ከሚባለው የዱባይ ሰፈር ገዛን።

ከመክፈቻው በፊት ባለው ቀን አዳራሹ የግንባታ ቦታ ነው የሚመስለው። መሰርሰሪያ ይጮኻል፣ መሬቱ ላይ ፕላስቲክና ጣውላ ተበትኗል። እትዬ ረከቦቱን ደርድረው፣ ማንደጃውን ከጎኑ አስቀመጡ። አንድ ቢጫ ሰደርያ የለበሰ ተቆጣጣሪ መጣና ቆመ። ከሰሉን አየ። ክፍት እሳት እንደማይፈቀድ ነገረኝ። ዕጣንም አይጨስም፤ ቡና መቁላትም አይቻልም። መመሪያውን በስልኩ ከፍቶ ገጹን አሳየኝ። ያው መመሪያ ከሁለት ወር በፊት ለእኔም ተልኮልኛል። ሰውየው ልክ ነው። በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ በሚገባበት አዳራሽ ከሰል ማን ያነዳል?

ሮጬ የኤሌክትሪክ ስቶቭ ገዛሁ። እዚያ ሶኬቱ ባለ ሦስት ቀዳዳ ነው፤ ከአገር ቤት ያመጣነው ባለ ሁለት ክብ እግር ዲቫይደር ሥራ ፈታ። ስቶቩን ሰካሁት። ጠፍጣፋው ብረት ገና ለብ ሳይል ጨለማ። ከጎናችን ቴምር የሚያቀርቡት ሰዎች መብራትም አብሮ ጠፋ። ቀና ብለው ያዩኝን አስተያየት አልረሳውም።

ነገሩ ሲጣራ እኛ የከፈልነው 500 ዋት ለሚችል መስመር ነበር። ስቶቩ 1,500 ዋት ይፈልጋል። ይህ ቁጥር ስቶቩ ጀርባ ላይ ተለጥፏል። በቡዙ ውስጥ አብረው የሚሠሩትን ዕቃዎች ቁጥር መደመር ብቻ ነው፤ የሦስተኛ ክፍል ሒሳብ። ተጨማሪ መስመር ጠየቅን። በመጨረሻ ሰዓት የሚታዘዝ ነገር ዋጋው ይጨምራል፤ ደግሞም በማግስቱ ከሰዓት ነው የሚደርስላችሁ ተባልን።

ያን ማታ ዴይራ አንዲት የሐበሻ ምግብ ቤት ባለቤት ዘንድ ሄድን። እትዬ ችግራችንን ሲነግሯት "እማማ፣ ወጥ ቤቱ የእርስዎ ነው" አለቻቸው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥተው ቆሉ፣ አፈሉ። ሦስት ፔርሙዝ ሞልተን ከዩኒየን ጣቢያ ሜትሮ ያዝን። ሜትሮ ውስጥ መብላት መጠጣት ያስቀጣል። ፔርሙዞቹን ጭኔ ላይ አቅፌ ክዳናቸውን በእጄ ይዤ ሄድኩ። ሽታው ግን አልተያዘም፤ ከፊቴ የተቀመጠ ሰው ከስልኩ ላይ ቀና አለ።

እትዬ ጀበናውን በፈላ ውሃ አለቅልቀው አሞቁት። ከዚያ ከፔርሙዙ ገለበጡ። ሰው እየመጣ ቀመሰ፣ ናሙና ወሰደ፣ ካርድ ተለዋወጥን። እሳቸው ግን ፊታቸው አልተፈታም። "ይሄ አቦል አይባልም" ይላሉ ደጋግመው።

መስመሩ በ9 ሰዓት ገደማ ተቀጠለ። እትዬ ምንም አልተናገሩም። ጀበናውን ስቶቩ ላይ ጣዱ። ጥቂት ቆይቶ ከአንገቱ እንፋሎት ወጣ፤ እሳቸው ጎንበስ ብለው በአፍንጫቸው ተቀበሉት። የጽዳት ጋሪ የምትገፋ አንዲት ልጅ መተላለፊያው ላይ ቆመች። "አቦል ነው?" አለች በአማርኛ። "አሁን አዎ፣ የኔ ልጅ" አሉና የመጀመሪያውን ሲኒ ለእሷ ሰጡ። ቆማ ጠጣች። የቴምር ሰዎቹም መጡ። አንዱ ሲኒውን ጨርሶ ያልታጠበውን የጉጂ ናሙና ጠየቀኝ።

አሁን እንዲህ ያለ ፎርም ሲመጣ ሒሳብ ክፍል ከማየቱ በፊት እትዬ ቢሮ ውስጥ ቡና ወደሚያፈሉበት ጥግ እወርዳለሁ። ባለፈውም እንደዚያው አደረግኩ። እትዬ ስቶቩን ገልብጠው ጀርባውን ወደ ብርሃን አዞሩት።

"1,500" አሉኝ። "የውሃ ማሞቂያውንም ጻፍ፤ እሱ ይብሳል።"