ኸሌን ደርሼ መጣሁ

ቅዳሜ ጠዋት ከአምስተርዳም ተነስቼ ሲታርድ ላይ ባቡር ቀየርኩና ደቡብ ኔዘርላንድ ያለችው ኸሌን ከተማ ወረድኩ። ስለ መንገዱ የምለው የለኝም፤ ተኝቼ ነው ያለፍኩት። ትዝ የምትለኝ ትኬት ተቆጣጣሪዋ ናት። "ጌሊን" ስላት ሳቀችና ከጉሮሮዋ ስባ "ኸሌን" አለችኝ። ለዚህማ ፊደልም አለን፣ አልኩ በሆዴ።

የሄድኩበትን ምክንያት ስናገር ሰው ይስቅብኛል። ኮር ፋን ደር ሃርት የሚባል የድሮ የኔዘርላንድ እግር ኳስ ተከላካይ የተጫወተበትን ከተማ ለማየት ነው። እኔም በሰፈር ቡድን የምሰለፈው ከኋላ ነበር፤ ጎል ላገባ ይጨፈራል፣ እኛ ስማችን የሚነሳው ስንሳሳት ነው።

ሰውየው በፈረንጆች 1928 አምስተርዳም ተወልዶ ለከተማው ክለብ አያክስ ተጫወተ። በ1950 ወደ ፈረንሳዩ ሊል ሲሻገር የብሔራዊ ቡድኑ በር ተዘጋበት፤ ያኔ ኔዘርላንድ ውስጥ በኳስ እንጀራ መብላት ክልክል ነበር። ከሊል ጋር በ1953 የፈረንሳይን ዋንጫ፣ በ1954 ሊጉን አነሳ። አገሩ ግን አልጠራችውም። በ1953 መጀመሪያ የባሕር ጎርፍ ኔዘርላንድ ውስጥ 1,836 ሰው ሲገድል፣ እንደ እሱ የተገለሉት ተከፋይ ተጫዋቾች ናቸው ፓሪስ ላይ ተሰባስበው ለተጎጂዎች ገንዘብ ማሰባሰቢያ ፈረንሳይን ገጥመው 2 ለ 1 የረቱት። በዓመቱ ክልከላው ተነሳ። እሱም አዲስ ወደተመሠረተው የኸሌኑ ክለብ ፎርቱና 54 ተመለሰ፤ ለአገሩ መጀመሪያ የተሰለፈው በ1955፣ በ27 ዓመቱ ነው። እስከ 1961 ድረስ 44 ጊዜ ተጫወተ። ሳይጠራ የቀረበት አምስት ዓመት ግን ያናድደኛል።

ያደርኩበት ክፍል ከመጠጥ ቤት በላይ ነበር። እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ዘፈኑ ወለሉን ሲያንቀጠቅጠው አደረ። ጠዋት ደግሞ 95 ዩሮ ከፍዬ ልወጣ ስል ለቁርስ ሌላ 18 ጨመሩብኝ፤ የበላሁት አንድ እንቁላልና ዳቦ ነው። መርካቶ ቢሆን ተከራክሬ አስቀንስ ነበር። ደረሰኝ ሲዘረጉልኝ አፌ ተያዘ።

ተበሳጭቼ አግዳሚ ወንበር ላይ እንደተቀመጥኩ አንድ አዛውንት ማን ፈልጌ እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ስሙን ስነግራቸው ቆባቸውን ከራሳቸው አወለቁ። ቤታቸው ወሰዱኝ። አባታቸው የማውሪትስ ከሰል ማዕድን ሠራተኛ ነበሩ፤ በጨዋታ ቀን ልጃቸውን ትከሻቸው ላይ ተሸክመው ይሄዱ ነበር አሉ። ጠረጴዛው ላይ የስኳር ኩቦች ደርድረው አሳዩኝ። "ሌላው ተከላካይ እንዲህ ነው" ብለው አንዷን በጣታቸው መትተው ከጠረጴዛው ጣሏት። ሁለተኛዋን ግን አቁመው፣ ቀና ብለው ግራና ቀኝ አዩና ቀስ አድርገው እስከ እኔ ሲኒ ድረስ አንሸራተቷት። "ኮር ይህ ነው።"

አምስተርዳም ቡና ሲጋብዙህ አንድ ብስኩት ሰጥተው ቆርቆሮውን ይከድናሉ። እዚህ ሚስትየው ፍላይ የሚሉትን የፍራፍሬ ኬክ ሁለቴ ቆርሰው አቀረቡልኝ፤ ቡናውም ሦስተኛ ሲደርስ በረካ ነው ብዬ ተደሰትኩ፣ እጣኑ ብቻ ቀረ። ማዕድኑ በ1967 ተዘግቶ፣ በዓመቱ ፎርቱና 54 ከሲታርድ ከተማው ክለብ ሲታርዲያ ጋር ተዋህዶ ፎርቱና ሲታርድ ሆኗል። ይህን ሲነግሩኝ አዛውንቱ ስኳሮቹን አንድ በአንድ ወደ ሳጥኑ ይመልሱ ነበር።

ጣቢያ ድረስ ሸኙኝ። በመንገድ የከተማውን ስም ሦስቴ አስባሉኝ። ተቆጣጣሪዋ ከጉሮሮዋ የሳበችውን ድምፅ እሳቸው በለሆሳስ ነው የሚሉት፤ "ያ የሰሜኖቹ ነው" አሉኝ።