ያልተበላው ፈንዲሻ

ዛሬ ከሥራ ወጥቼ በቀጥታ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እ.ኤ.አ. በ1938 የተከፈተው አሮጌው ሲኒማ ቤት ገባሁ። አይሁዶችን ከናዚዎች ጭፍጨፋ ስላዳነው ጀርመናዊ ነጋዴ ስለ ኦስካር ሺንድለር የሚተርከውን ፊልም፣ «ሺንድለርስ ሊስት»ን፣ እንደገና እያሳዩ ነበር። ድሮ በቪዲዮ ካሴት አይቼዋለሁ፤ አየሁት ከተባለ! መጀመሪያ ላይ የሰንበቱ ሻማ ይጠፋና ጭሱ ወደ ባቡር ጭስ ይቀየራል። በዚያች ትንሽ ቴሌቪዥናችን ይሄ ጨርሶ አልታየኝም ነበር። ከዚያ ሁሉ ጥቁርና ነጭ መሃል ቀይ ካፖርት የለበሰችው ሕፃን ብቅ ስትል፣ ከፊቴ የተቀመጡት ባልቴት መነጽራቸውን አወለቁ። እስኪያልቅም መልሰው አላደረጉትም። ሦስት ሰዓት ከሩብ ሙሉ የገዛሁት ፈንዲሻ እንዳለ ቀረ። እንዴት ተደርጎ ይቆረጠማል? መጨረሻ ላይ በሕይወት የተረፉት አይሁዶች ራሳቸው፣ ኢየሩሳሌም ያለው የሺንድለር መቃብር ላይ ተራ በተራ ድንጋይ ያስቀምጣሉ። መብራት በራ፤ የተነሳ ሰው ግን አልነበረም። መኪና ውስጥ ገብቼ ሬዲዮውን አጠፋሁት።