ጨው

ዛሬ ማታ ቡናውን በጨው ልጠጣ አሰኘኝ። አያቴ እንዲያ ነበር የምትጠጣው፤ እኔ ልጅ ሆኜ አንዴ ቀምሼ ፊቴን አጨማድጄ ሸሽቻለሁ። ዛሬ ለምን እንዳማረኝ አላውቅም። ቀኑን ሙሉ ሆዴን ባር ባር ሲለኝ ነው የዋለው። ቆንጠር አድርጌ ጨምሬ ፉት ስል ግን ትዝ ያለችኝ አያቴ አይደለችም። ተቀጥሬ የምንከባከበው ትንሽ ልጅ ግንባር ነው።

ሲስሙት ጨው ጨው ይላል። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን እናቱ አስረድታኛለች፦ በሰውነታችን ሕዋሳት ላይ ጨው የሚያሳልፍ በር አለ፤ ሲስቲክ ፋይብሮሲስ የሚባለው በሽታ ያለበት ልጅ፣ እንደ እርሱ፣ ያ በር በደንብ አይሠራለትም። ስለዚህ ጨዉ ከላቡ ጋር ይወጣል። ሳንባው ውስጥ ደግሞ አክታው ውኃ አጥቶ እንደ ሙጫ ይወፍራል፤ ከቆሽቱ ወደ አንጀቱ የሚፈሰው፣ ምግብ የሚያደቀው ፈሳሽም መንገዱ ይዘጋል። ሐኪሞች የጨዉን ነገር ያስተዋሉት በሙቀት ምክንያት ነው። በፈረንጆች 1948 ኒውዮርክ በብርቱ ሙቀት ስትጠበስ ተዝለፍልፈው ሆስፒታል ከገቡት ሕፃናት መካከል ይህ በሽታ ያለባቸው በዙ። ፖል ዲ ሳንታኜዜ የተባለ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ነገሩን ተከታትሎ በ1953 ላባቸው ከሌሎች ልጆች ላብ ይልቅ ጨው የበዛበት መሆኑን አሳየ። ዛሬም በሽታው የሚረጋገጠው በላብ ምርመራ ነው። እናቶች ግን ከሐኪሞቹ በፊት ያውቁት ነበር። በአውሮፓ ጥንት፣ ግንባሩ ሲሳም ጨው ጨው የሚል ልጅ ዕድሜው አጭር ነው ይባል ነበር። ልጇን ስማ፣ ከንፈሯን ልሳ፣ ዝም ያለች ስንት እናት ነበረች?

እኔ የምደርሰው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው። መጀመሪያ መድኃኒቱን በእንፋሎት መልክ በጭምብል ይስባል። ከዚያ ጭኔ ላይ አስተኝቼው ጀርባውንና ጎኑን ቸብ ቸብ አደርገዋለሁ፣ አክታው ከሳንባው ግድግዳ እንዲላቀቅ። መዳፍ ውኃ እንደሚዘግን እጅ መጎድጎድ አለበት፤ ድምፁ እንደ ፈረስ ኮቴ ከሆነ ልክ ነው፣ እንደ ጥፊ ከጮኸ ልክ አይደለም። በመጀመሪያው ሳምንት እጄ አልታዘዝ አለኝ። የሰው ልጅ እንዴት እመታለሁ? እናቱ ይህን አይታ ጀርባዋን አዞረችልኝና «በእኔ ላይ ተለማመጂ» አለችኝ። ድምፁ ሲስተካከል «ቀጥይ» አለች። መልመዴን ሁለታችንም ካወቅን በኋላም «ቀጥይ» አለች። ቀጠልኩ።

ለእንዲህ ያለች እናት «አይዞሽ» የሚላት ሞልቷል። እኔ ያየሁት የሚጎድላት ሁለተኛ እጅ ነው። ጠዋትና ማታ ቸብ ቸብ የሚያደርግ፣ ከእያንዳንዱ ምግብና መክሰስ በፊት ምግብ የሚያደቀውን የኢንዛይም እንክብል ከፍቶ ጥቃቅን ፍሬዎቹን በአንድ ማንኪያ የተፈጨ ፖም ላይ በትኖ የሚያጎርስ፣ ድዱን እንዳያቆስሉት አፉ ውስጥ የቀረ ካለ የሚያይ። ቅባት የበዛበት ምግብ ያስፈልገዋል፤ ሁዳዴን እየጾምኩ ለእርሱ ቅቤ ሳቀልጥ ሽታው ያውደኛል፣ ግን ደስ እያለኝ ነው የማቀልጠው። ማንኪያውን ልሶ «ድገሚኝ» ሲል ለእኔ ፋሲካ ነው።

የማይዋጥልኝ ሌላው ነገር ነው። ይህ በሽታ ያለባቸው ልጆች እርስ በርስ መቀራረብ የለባቸውም፤ የአንዱ ሳንባ ውስጥ ያለው ጀርም ለሌላው አደገኛ ነው። ቢያንስ ሁለት ሜትር ይራራቁ ይባላል። እኔ ያደግሁት መከራ ሲመጣ ሰው በሚሰበሰብበት አገር ነው። ልጇ የታመመባት ሴት፣ ልጇ የታመመባትን ሌላ ሴት ፈልጋ ትሄዳለች፤ ልጆቹ በአንድ ምንጣፍ ላይ ይጫወታሉ፣ እናቶቹ ያወራሉ፣ ያለቅሳሉ። እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ እናቱ በቅርብ ርቀት እንደ እርሷ ያለች ሌላ እናት አግኝታለች፤ ልጆቹ ግን በአንድ ክፍል ሊቀመጡ አይችሉም። ስለዚህ ማታ ማታ ኮምፒውተር ከፍተው ሁለቱ ሕፃናት በየቤታቸው ጭምብላቸውን አጥልቀው፣ እንፋሎታቸውን እየሳቡ፣ አንዱ ለአንዱ መጫወቻ መኪናውን ያሳያል። ባየኋቸው ቁጥር ወደ ማጀት እገባለሁ።

እናቱ ጥቁር አሜሪካዊት ናት። ዘመዶቿ «ይህ የነጭ በሽታ ነው፣ እኛ ዘንድ የለም» ብለዋት ነበር። ከተወለደ በኋላ ተረከዙን ወግተው ባይመረምሩት ኖሮ እርሷም አታምንም ነበር። ከ2019 ጀምሮ የብዙዎችን ሕይወት የለወጠ መድኃኒት አለ፤ በ2023 ደግሞ ከሁለት ዓመት ጀምሮ ላሉ ሕፃናት ተፈቅዷል። የእርሱ የጂን ጉድለት ግን መድኃኒቱ ከሚሠራላቸው ዓይነቶች ውስጥ አይደለም። መድኃኒቱ የማይመለከታቸው ልጆች ከአፍሪካ ዘር ባላቸው ዘንድ ይበዛሉ። ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋ አልተለወጠም። የእኔ ነው የተለወጠው።

«እኛ ዘንድ የለም» የሚለው ነገር ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ። የጎረቤታችን ልጅ ትዝ ይለኛል። ይበላል፣ ይበላል፣ አይወፍርም። ሆዱ ተነፍቶ እጅና እግሩ ቀጭን ነበር። ሳሉ ከግድግዳው ባሻገር ይሰማን ነበር። አንዱ ቡዳ ነው አለ፣ አንዱ የሳንባ ነቀርሳ፤ ጠበልም ተወሰደ። ቤታቸው ሰው አይጠፋም ነበር፣ እናቱ አንድ ቀን ብቻዋን ስታለቅስ አላየኋትም፤ ሁሌም ሰው አብሯት ነበር። ትምህርት ቤት ሳይገባ ሞተ። ሌላ በሽታ ሊሆን ይችላል፤ የሚያስልና የሚያከሳ በሽታ ብዙ ነው። እኔም ሐኪም አይደለሁም።

ግን እኔ ነበርኩ የማዝለው። ያኔ ዘጠኝ ዓመት ቢሆነኝ ነው። አንድ የበጋ ቀን አዝዬው ወንዝ ወርጄ ስመለስ ጥላ ሥር አወረድኩት። ግንባሩ ላይ ነጭ ነገር ደርቆ ነበር። አቧራ ነው ብዬ በቀሚሴ ጫፍ ጠረግሁለት።

አቧራ ነበር?